ጥያቄና መልስ፦ ከአተር ክክ እስከ ጎተራ ነቀዝ

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ስለ ዘር አወቃቀርና ስለ ሕዝብ ብዛት ዕድገት የቀረቡት በርከት ስለሚሉ፣ የተወሰኑትን መርጠን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘር አብቅሎ እንዲያመጣ በትምህርት ቤት ታዝዞ የአተር ክክ ዘራ፤ ሆኖም ከመበስበስ በቀር ምንም አልታየም። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ልጅዎ የዘራው የዘሩን ስንቅ ነው። አንድ ድፍን አተር ውኃ ውስጥ አሳድረው ልጣጩን በጥንቃቄ ቢገፍፉለት፣ ሁለቱ ክኮች በአንድ ጠርዝ ተያይዘው፣ በመጋጠሚያቸውም ላይ ጫፏ የሾለ ትንሽ ዘንግ መሳይ ነገር ተሸጉጣ ያያል። ሥርና ግንድ የሚወጡት ከእርሷ ሲሆን፣ ክኮቹ ደግሞ ቡቃያው ቅጠል አውጥቶ ምግቡን ራሱ ማዘጋጀት እስኪጀምር ድረስ ይመግቡታል። አተሩ ሲከካ ይህች ዘንግ ትጎዳለች ወይም ተሰብራ ከልጣጩ ጋር ትበጠራለች። አሁን ድፍን ቦሎቄና ድፍን ባቄላ ጎን ለጎን ይዝራ፤ ቦሎቄው ክኮቹን ከአፈር በላይ ይዞ ሲወጣ ባቄላው ግን እዚያው አፈር ውስጥ ትቷቸው ስለሚበቅል፣ ለመምህሩ የሚያሳየው ጥሩ ምልከታ ያገኛል።

ጥያቄ፦ በቆሎስ ለምን ለሁለት አይከካም?

መልስ፦ ባለ አንድ ክክ ስለሆነ ነው። ዱቄት የሚሆነው ትልቁ ክፍል ከፅንሱ፣ ማለትም ሥርና ግንድ ከሚወጡበት ክፍል፣ ውጭ የተከማቸ ምግብ ነው።

ጥያቄ፦ በጆንያ ባስቀመጥኩት በቆሎ ላይ ጥቂት ነቀዞች አይቼ ንቄ ብተዋቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ወረሩት። እንዴት እንዲህ በዙ? የተረፈውስ ለዘር ይሆናል?

መልስ፦ ያዩዋቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ያላዩዋቸው ግን ፍሬው ውስጥ ነበሩ። ሴቷ ነቀዝ ፍሬውን በአፏ ሰርስራ እንቁላል ትጥልና ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል መሳይ እጭ ፍሬውን ውስጥ ውስጡን እየበላ አድጎ፣ በሞቃት አካባቢ ከ5 ሳምንት ገደማ በኋላ ጎልማሳ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። ለስሌት ያህል በየትውልዱ 10 እጥፍ ይበዛሉ ብንል፣ 20 የነበሩት 200፣ ከዚያ 2,000፣ በሦስተኛው ትውልድ 20,000 ይሆናሉ። የመራቢያ ምጣኔያቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው 10 እጥፍ ነው፤ የሚባዛው ቁጥር ግን እየተለቀ ይሄዳል። ተማሪዎች ይህን ሲያምታቱት ደጋግሜ ስለማይ አጥብቄ መናገሬ ነው። እህሉ ሲያልቅና እርስ በርስ ሲጨናነቁ ግን ዕድገቱ ይገታል፤ አካባቢው ሊሸከም ከሚችለው በላይ የትኛውም ፍጡር ሲበዛ አይዘልቅም።

ለዘር የሚሆነውን ለመለየት 100 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉና ስንቱ እንደሚበቅል ይመልከቱ። ፅንሱ የተበላ ፍሬ ፈጽሞ አይበቅልም፤ ፅንሱ ተርፎ ስንቁ የተበላበት ደግሞ ቢበቅልም ቡቃያው ደካማ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የሕዝብ ዕድገት ምጣኔ ቀነሰ እየተባለ ሕዝቡ ለምን በየዓመቱ ይጨምራል?

መልስ፦ መቶኛውና የሚጨመረው የሰው ቁጥር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ50 ሚሊዮን ሕዝብ 3 በመቶው 1.5 ሚሊዮን ሲሆን፣ ከ100 ሚሊዮን 2 በመቶው ግን 2 ሚሊዮን ነው። በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ 53 ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሕዝብ፣ በ1999ኙ ቆጠራ ወደ 74 ሚሊዮን ተጠግቷል፤ ይህም በዓመት በአማካይ 2.6 በመቶ ዕድገት ነው። አንድ ሕዝብ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ለመገመት 70ን ለዓመታዊ መቶኛው ማካፈል ይበቃል፤ በ2.6 በመቶ ቢቀጥል 27 ዓመት ገደማ፣ ወደ 2 በመቶ ቢወርድ ደግሞ 35 ዓመት ይፈጃል።