«ሕመሙን ፈርቼ ቀጠሮዬን ሰረዝኩ»፦ ስለ ማሞግራፊ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ሰሞኑን ስለ ማሞግራፊ፣ ማለትም ጡትን በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ተጭኖ በራጅ ስለሚያሳየው ምርመራ፣ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ ምርመራው ሕመም ነው። ጸሐፊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ «መጠየቁ ያሳፍራል እንጂ» ብለው ይጀምራሉ። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ስነሣ ከሕመሙ የተነሣ እንባዬ መጣ። ዘንድሮ ቀጠሮዬን ሰረዝኩ። እንዲያ አድርጎ መጫን የግድ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ሕመምዎ እውነተኛ ነው፤ «ትንሽ ነው፣ ቻዪው» የሚልዎት ሰው ቢኖርም አይቀበሉት። መጫኑ ግን ምክንያት አለው። የጡት ውስጠኛ ክፍል ሳይዘረጋ በራጅ ከታየ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ትንሽ እጢ ሊሸሽግ ይችላል። በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል ሲሳሳ የተደረበው ይገለጣል፣ ጡቱ ስለማይንቀሳቀስ ምስሉ አይደበዝዝም፣ የሚያስፈልገውም የጨረር መጠን ይቀንሳል። ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ጡት ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስሎች ይነሣሉ፤ እያንዳንዱ ጭነት የሚቆየው ለጥቂት ሰከንዶች ነው።

ሕመሙን ዝም ብሎ መቻል ግን የግድ አይደለም። ምን እንደሚደረግላቸው አስቀድሞ በደንብ የተነገራቸው ሴቶች ሕመሙ ቀለል እንደሚላቸው ጥናቶች አሳይተዋል፤ ስለዚህ ባለሙያዋ ገና ሳትጀምር ያለፈውን ይንገሯት፣ ጭነቱን ቀስ በቀስ እንድትጨምርና ሲበቃዎት እንድታቆም ይጠይቋት። ጭነቱን ሴትዮዋ ራሷ በእጇ የምትቆጣጠርበት መሣሪያም በአሜሪካ ከ2017 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ቀጠሮ ሲይዙ እንዳላቸው መጠየቅ ይችላሉ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስነሣ ቀዝቃዛው ሰሌዳ ብብቴን ሲነካኝ ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ ሰቅዬ መያዣውን ብረት ጨብጬ ነበር፤ በጣም አመመኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ባለሙያ ጣቶቼን ከብረቱ አላቅቃ፣ ትከሻዬ እስኪወርድ በትዕግሥት ጠበቀችኝ። የደረቴ ጡንቻ ሲላላ ሕመሙ ከቀድሞው ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ጥያቄ፦ መቼ ብሄድ ይሻላል? ማስታገሻስ ልውሰድ?

መልስ፦ የወር አበባዎ ሊመጣ ሲል ጡት ስለሚያብጥና ስለሚነካካ፣ ከጨረሱ በኋላ ያለውን ሳምንት ይምረጡ። ፓራሲታሞል አስቀድሞ መውሰድ በጥናት ሲፈተሽ ሕመሙን ሲቀንስ አልታየም። የሚያጠቡ ከሆነ ከመግባትዎ በፊት ሕፃኑን ጡት ያጥቡ ወይም ወተቱን ይለቡ። ብብትዎን ዲኦዶራንትና ፓውደር አይቀቡ፤ ቅንጣቶቹ በምስሉ ላይ አንዳንዴ የካንሰር ምልክት የሚሆነውን የካልሲየም ነጠብጣብ መስለው ይታዩና ለድጋሚ ምስል፣ ማለትም ለድጋሚ ጭነት፣ ሊዳርጉዎት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ መጨፍለቁ እጢውን አፍርጦ ካንሰሩን አይበትነውም? ጨረሩስ?

መልስ፦ አይበትነውም። የጨረሩ መጠን ወደ 0.4 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) ገደማ ሲሆን፣ ማንኛውም ሰው ከአካባቢው በተፈጥሮ በሰባት ሳምንት ውስጥ ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል።

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው፣ ከእኔ ጋር ቨርጂኒያ ትኖራለች። እንግሊዝኛ አትችልም። አንድ ጊዜ ተነሥታ «ዳግመኛ አልሄድም፣ ሲያመኝ እንኳ መናገር አልቻልኩም» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህ ደብዳቤ ከሁሉም በላይ ነክቶኛል። እናትሽን ከሕመሙ ይልቅ የጎዳት አፏ መያዙ ነው፤ ይህ ደግሞ መፍትሔ አለው። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ የሕግ ግዴታ አለባቸው፤ አንቺ ከሥራ መቅረት አይኖርብሽም። ቀጠሮውን ስትይዢ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ በስልክም ቢሆን። እናትሽ እንደ ብዙ እናቶች በወንድ ፊት መራቆት ከከበዳት ባለሙያዋ ሴት እንድትሆን አብረሽ ጠይቂ። ቤት ውስጥም «ስቶፕ» የሚለውን ቃልና እጅ ማንሣቱን አለማምጃት፤ ባለሙያዋም ምልክቱን አስቀድማ ትወቀው። ቀሚስ ለብሳ ከምትሄድ ጉርድና ሸሚዝ ብታደርግ ከወገቧ በላይ ብቻ አውልቃ ነጠላዋን መደረብ ትችላለች። በ2024 የወጣው የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ምርመራ መመሪያ ከ40 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ እንዲነሡ ስለሚመክር፣ እናትሽ ገና ብዙ ቀጠሮ ይጠብቃታል፤ የአሁኑ ቀጠሮ ሰላማዊ እንዲሆንላት መድከሙ ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ጡቴ ላይ እብጠት ዳስሻለሁ። ስለማያመኝና ማሞግራፊም ያማል ስለተባልኩ እስካሁን ቆየሁ።

መልስ፦ እባክሽ ከዚህ በላይ አትቆዪ። አለማመሙ ዋስትና አይሆንሽም፤ የጡት ካንሰር እብጠት መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። በአንቺ ዕድሜ ያለ እብጠት ብዙውን ጊዜ ካንሰር ሆኖ አይገኝም፤ ይህን የሚለየው ግን ምርመራ ብቻ ነው። ከ30 ዓመት በታች ላለች ሴት በአብዛኛው የሚታዘዘው አልትራሳውንድ ነው፤ ጄል ተቀብቶ በላዩ መሣሪያ ይንሸራተታል፣ ሰሌዳም ሆነ ጭነት የለውም። ሐኪሙ ካስፈለገው በመርፌ ናሙና ይወስዳል። በዚህ ሳምንት ሂጂ፣ ውጤቱንም ጻፊልኝ።