ደንገጎ ላይ የሚሞቀው ቪትዝ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ አንድ ሞተር ናቸው፤ ስለ ባለ 1.0 ሊትሩ የቶዮታ ቪትዝ ሞተር። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2007 ቪትዝ አለኝ። ከከዚራ ሳቢያን ቀኑን ሙሉ ስመላለስ ምንም አይልም። ወደ ሐረር ስሄድ ግን ደንገጎ ዳገት ላይ፣ በተለይ ኤሲ ከከፈትኩ፣ ቀይ የሙቀት መብራት ይበራል። መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለልኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ተሻለው፣ አሁን ተመልሶ መጣ። ቤንዚንም መብላት ጀምሯል። ምን ላድርግ? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት አዲስ ቴርሞስታት ያስገቡ። ቴርሞስታት ማለት ውሃው 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የሚከፈት በር ነው፤ በደንብ ከተከፈተ በኋላ ውሃውን አያግድም። ተዘግቶ ከቀረ ይቀየራል እንጂ ቦታው ባዶ አይተውም። ሲወጣ ሞተሩ ወደ ሥራ ሙቀቱ ለመድረስ ይዘገያል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ መልሶ ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ይጨምራል። የፍጆታዎ መጨመር ከዚህ ነው። ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዘይቱን ያቀጥናል፣ ፋሻውንም (የፒስተኑን ቀለበት) ያስበላል። «አገሩ ሞቃት ስለሆነ ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚለው አባባል ድሬዳዋ ውስጥ መለመዱ በጣም ያሳስበናል። ጤነኛ ሞተር ያለ ዕድሜው እንዲያረጅ ያደርጋል።

አሁን ወደ ዋናው በሽታ። ቆሞ የሚሞቅ መኪናና ዳገት ሲወጣ የሚሞቅ መኪና በሽታቸው ለየቅል ነው። ቆሞ ከሞቀ የሚፈተሸው ፋኑ፣ ፊውዙና ሪሌው ነው። ዳገት ላይ ከሞቀ ግን ወይ ውሃው በበቂ አይዞርም፣ ወይ ራዲያተሩ ሙቀቱን አያስወጣም፣ ወይም መስመሩ ግፊት አይዝም። የእርስዎ መኪና ከተማ ውስጥ ደህና ስለሆነ ፋኑን ለጊዜው ይተዉት።

ከርካሹ ይጀምሩ፤ ከራዲያተሩ ክዳን። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ደግሞ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። 1.1 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግን ግፊቱን ይዞ መፍያውን ከ115 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ጎማው የደረቀ ክዳን ከተማ ውስጥ ሳይታወቅ ይቆይና ዳገቱ ላይ ይጋለጣል። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ጠዋት ሲያዩት የራዲያተሩ ቱቦ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ከተገኘ ክዳኑን ይቀይሩ። አዲሱ በአሮጌው ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈበት ይሁን።

ቀጥሎ የራዲያተሩን ፊት ይዩ። ከፊቱ ያለው የኤሲ ኮንደንሰር አቧራና ነፍሳት እየያዘ ይደፈናል። ኤሲ ሲከፈት የሚብሰውም ኮንደንሰሩ የራሱን ሙቀት ስለሚጨምርበት ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በቀስታ በሚፈስ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይጠቡት። ከፊት በኃይለኛ ግፊት ከመቱት ስስ ቆርቆሮዎቹ ይተኛሉ።

ሦስተኛው የውሃ ፓምፑ ነው። የዚህ ሞተር የታወቀ ደካማ ጎኑ እሱ ነው። ማፍሰስ ሲጀምር መሬት ላይ ጠብታ ላይታይ ይችላል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው እዚያው ይተንና ፓምፑ አጠገብ ሮዝ ወይም ነጭ ቅርፊት ይቀራል። በባትሪ መብራት ይመልከቱት። ቅርፊት ካለ ወይም የፓምፑ ኩሽኔታ የሚጮህ ከሆነ ፓምፑን ከነቺንጋው ይቀይሩ።

አራተኛው የሚሞሉት ውሃ ነው። የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚያዩት ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥም ይጋገራል። ተደባልቆ የሚሸጠውን ሮዝ ኩላንት ይሙሉ፤ ያልተደባለቀ ከገዙ ግማሽ በግማሽ በተጣራ ውሃ ይበጥብጡት። የቧንቧ ውሃ መንገድ ላይ ሲቸገሩ ብቻ ነው።

ሲሞሉ አየሩን ካላስወጡ ድካሙ ከንቱ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሙሉ፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ በሚኒሞ ያስነሱ፣ የላዩን ቱቦ በጓንት ደጋግመው ይጭመቁ፣ ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪቆም ይጠብቁ። ከዚያ አጥፍተው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የጎደለውን ይጨምሩ። ትኩስ ክዳን በምንም ምክንያት አይከፈትም፤ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ የውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ የሚወጣ፣ ወይም ሌሊቱን ካደረ በኋላ ቱቦው ጠጣር ሆኖ የሚገኝ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ከሥሩ ወዳለው ማሸጊያ ይዞራል። ጓርኒሲዮኑን ብቻ ቀይሮ መግጠም አይበቃም። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ በሙቀት ይጣመማል፤ ቀጥ ባለ ማስመሪያና በስፔሶሜትር (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) ይለካ። ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከተጣመመ ሳይስተካከል መልሰው እንዳይገጥሙት።

ይህ ሞዴል የሙቀት መርፌ የለውም፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ብቻ ነው ያለው። ቀዩ ሲበራ ብዙ ረፍዷል። እዚያው ይቁሙ፤ «ደንገጎ ከተማ ልድረስ» አይበሉ።

ጥያቄ፦ ቪትዜ በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ያህል ዘይት ይበላል፤ ጭስ ግን ብዙም አይታይም። ወፍራም ዘይት፣ 20-50 ብሞላ ይሻለዋል የሚሉኝ አሉ። (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አይሙሉ። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ሞተር ከነፊልትሮው የሚይዘው ወደ 3 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ከበላ፣ ካልጨመሩበት የ5,000 ኪሎ ሜትር የዘይት ቅያሪ ሳይደርስ ሞተሩ ደረቅ ይሆናል። የአምራቹ መመሪያ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ አንድ ሊትር ይፈቅዳል፤ በእኛ አስተያየት ግን ከግማሽ ሊትር ካለፈ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ወፍራም ዘይት የሚጎዳበት ምክንያት አለ። የካቴናው (ቫልቮቹ በጊዜያቸው እንዲከፈቱ የሚያደርገው ሰንሰለት) መወጠሪያና የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያው የሚሠሩት በጠባብ ቀዳዳ በሚያልፍ የዘይት ግፊት ነው፤ 20-50 በሐረር ጠዋት ብርድ እዚያ ለመድረስ ይዘገያል። ለጤነኛ ሞተር 5-30፣ ዘይት ለሚበላ ደግሞ 5-40 በቂ ነው።

መጀመሪያ ፍጆታውን በትክክል ይለኩ። ሜዳ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው አምስት ደቂቃ ይጠብቁና እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉ። 1,000 ኪሎ ሜትር ነድተው እንደገና እዚያ ምልክት ለመድረስ ስንት እንደፈጀ በሚሊ ሊትር ይመዝግቡ። ከዚያ ውጫዊ ማፍሰሻ ይፈልጉ፤ በተለይ የካቴናው ክዳን ዳር እና በኮሎው (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ኋላ፣ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኝበት ቦታ። ውጭ ደረቅ ከሆነ የሞተሩን ትንፋሽ የሚመልሰውን ቫልቭ ይቀይሩ፤ ርካሽ ነው፣ ሲደፈን ግን ዘይት ወደ ማስገቢያው ይስባል። አሁንም ካልቀነሰ የዘይት ፋሻው በካርቦን ተጣብቋል ማለት ነው። ዘይት እየረዘመ ሲቀየር የሚመጣው ጣጣ ይህ ነው። ሁለት ሦስት ቅያሪ በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ በጥሩ ዘይት ሲደረግ የሚላቀቅ አለ፤ ካልተላቀቀ ሞተር ወርዶ ፋሻ መቀየር ነው። የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለውን ሞተር ማዳን ወጪው ቢከብድም ያዋጣል ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ 1.0 ቪትዝ ሁሉ አንድ ሞተር ነው? ታይዋን ገበያ የገዛሁት ዕቃ አልገጥም አለኝ። (ከመጋላ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አይደለም። የመጀመሪያው ቪትዝ፣ የሻንሲ ቁጥሩ በኤስሲፒ10 የሚጀምረው፣ አራት ሲሊንደር ያለውና 997 ሲሲ የሆነውን 1ኤስዜድ ሞተር ይዟል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ የመጣው ኬኤስፒ90 ሦስት ሲሊንደር ያለውን 1ኬአር ነው የያዘው። የሁለቱም ጉልበት 70 ፈረስ አካባቢ ነው፣ ሁለቱም በካቴና ይሠራሉ፤ ክፍሎቻቸው ግን አይለዋወጡም። መለያው ቀላል ነው፤ ላዩን ከፍተው ቦቢናዎቹን (በየሲሊንደሩ ላይ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን) ይቁጠሩ። ዕቃ ሲገዙም «ለቪትዝ» ከማለት የሻንሲውን ቁጥር ያሳዩ።

ሌላም ነገር እንጨምር። ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። 70 ፈረሱ ደንገጎ ላይ 56 አካባቢ ይቀራል። ዳገቱ ላይ መድከሙ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ማርሽ ቀንሰው ይውጡ። አውቶማቲክ ከሆነም ከዲ በታች ወዳለው ቦታ ያውርዱት።

ጥያቄ፦ መብራት ላይ ስቆም መሪውና ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፤ ስነዳ ይጠፋል። (ከሐረር)

መልስ፦ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር በተፈጥሮው ትንሽ ይርገበገባል። ድሮ ካልነበረ ግን በኮድ ማንበቢያ ይታይ። ፒ 0301፣ 0302 ወይም 0303 ካለ የመጨረሻው ቁጥር ያላቃጠለውን ሲሊንደር ይነግርዎታል። የዚያን ሲሊንደር ቦቢና ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩ። ኮዱ አብሮ ከሄደ ቦቢናው ነው፤ ከቀረ ካንዴላውን ያውጡ። በካንዴላው ቁጥር መጨረሻ 11 ካለ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። አይሪዲየም ከሆነ ክፍተቱን አይነካኩት፣ ጫፉ ይሰበራል። ኮድ ከሌለ የአየር በሩን ካርቦን ያጽዱ፤ ከዚያም ሞተሩ የተሰቀለባቸውን ማረፊያ ጎማዎች ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ጠዋት ሲነሳ ለሁለት ሰከንድ «ትር» ይላል፣ ከዚያ ዝም። ካቴና ይቀየር ይሉኛል። (ከገንደ ቆሬ)

መልስ፦ አይቸኩሉ። ዘይቱ ሌሊት ስለወረደ መወጠሪያው ግፊት እስኪያገኝ የሚሰማ ድምፅ ሊሆን ይችላል። የዘይቱን መጠን ይዩ፣ ከነፊልትሮው ይቀይሩና ያዳምጡ። ድምፁ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ ወይም ኮድ ፒ 0016 ከታየ ካቴናው ተለጥጦ ሊሆን ስለሚችል ይከፈት። ተለጥጦ ከተገኘ ካቴናውን ብቻ ሳይሆን መወጠሪያውንና የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ፕላስቲኮች አብረው ያስቀይሩ።