ጠጠሩን ወርውር

ይድረስ ለወጣት የአማርኛ መምህራን፤

ጎንደር ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ሰንበትበት ብያለሁ። ጠዋት ጠዋት በፋሲል ግቢ በኩል ሳልፍ ልጆች የጨርቅ ኳስ ሲያንከባልሉ ካገኘሁ ቆሜ አያለሁ። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ክፍል ገብተው «የእናት ፍቅር» በሚል ርእስ ድርሰት ይጽፋሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚጽፉት፤ የሚጽፉት ለማን እንደሆነ አያውቁማ። ስለ ጨዋታ የሚጻፍ ጽሑፍ ግን አንባቢ አለው፤ አንባቢውም ምሕረት አያውቅም።

አንድ ጊዜ አራተኛ ክፍሎችን «ሰኞ ማክሰኞ ለማያውቅ ሰው አጨዋወቱን ጻፉለት» አልኳቸው። አንዲት ልጅ ቶሎ ጨርሳ አመጣች፦ «ሰኞ ማክሰኞ አስምር። ጠጠሩን ወርውር። በአንድ እግርህ ዝለል። ተመለስ።» ሁሉንም ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁና መሬቱን አሰመርኩ። ከዚያም በታዘዝኩት መሠረት ጠጠሩን ወረወርኩ፤ አጥሩን ተሻግሮ መንገድ ላይ ወደቀ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

«ሰኞ ላይ ነው እንጂ!»

«ሰኞ የታለ? አልጻፍሽውም።»

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጨመረችበት፦ «ጠጠሩን ሰኞ ቤት ውስጥ ጣል። መስመር ከነካ ተራህ አለፈ።» ከዚያ ቀና ብላ፣ «የምታነበው ሴት ብትሆንስ?» አለችኝ።

የክፍለ ጊዜው ቀሪ በዚህች ጥያቄ አለቀ። በአማርኛ አንድን ሰው ያለ አንቱታ ስናዝ ወንድነቱን ወይም ሴትነቱን ሳንናገር አናልፍም፤ «ጣል» ካልን ወንድ፣ «ጣይ» ካልን ሴት ነው። «ጣሉ» እንበል ያሉ ነበሩ፤ «የሚጥለው አንድ ሰው ነው» ተብሎ ተሻረ። በመጨረሻ «ጠጠሩ ሰኞ ቤት ውስጥ ይጣላል፤ መስመር ከነካ ተራው ያልፋል» በሚለው ተስማሙ። የምግብ አሠራር የሚጻፍበት ወረቀት ለምን «ይጨመራል»፣ «ይማሰላል» እንደሚል ያን ቀን ገባቸው። ትእዛዝ አንቀጽን ሰሌዳ ላይ ወር ሙሉ ባስተምር ያችን ጥያቄ ባላገኘኋት ነበር።

ዘገባ ይከብዳል። ልጅ ስለ ግጥሚያ ጻፍ ሲባል «ጠዋት ተነስተን ቁርስ በልተን» ብሎ ይጀምራል፤ ማን እንዳሸነፈ የምታውቁት ወረቀቱን ገልብጣችሁ ነው። ይህ በቀላሉ ይታረማል። «ቤት የቀረው ወንድምህ ገና ከበር ስትገባ መጀመሪያ ምን ይጠይቅሃል?» በሉት፤ ውጤቱን ራሱ ወደ ላይ ያመጣዋል። የባሰው ችግር ሌላ ነው፦ «ቀማው፣ ሲሮጥ ያዘው፣ መታው፣ ገባ።» ማን ማንን? ቋንቋችን ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ሸሽጎ መሄድ ይችላል። ሜዳ ዳር ለቆመ ሰው ይህ ይበቃዋል፤ ላልነበረ ሰው ግን እንቆቅልሽ ነው።

በ2013 ዓ.ም. «አፄዎቹ» የምንለው የከተማችን የእግር ኳስ ክለብ ፋሲል ከነማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው ይካሄዱ ስለነበር፣ የጎንደር ልጅ አፄዎቹን የተከታተለው በቴሌቪዥን ነው። ምስሉን ለሚያይ ሰው የሚነገረው ንግግር ደግሞ ለጽሑፍ ጥሩ አስተማሪ አይደለም። እኔ የማደላው ለሬዲዮ ነው። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ጨዋታውን ከስፖርት ጋዜጠኛው ከደምሴ ዳምጤ አንደበት የሰማን ሰዎች ሜዳውን በጆሯችን አይተነዋል። ኳሷ ማን እግር ሥር እንዳለች፣ በየት በኩል እንደምትሄድ ካልተነገረን በጨለማ ነበርን። ስለዚህ አንዱ ልጅ ዘገባውን ያንብብ፤ ግጥሚያውን ያላየው ሌላው ሰሌዳው ላይ የኳሷን መንገድ ይሳል። የሚስለው እጅ ሲቆም፣ ጽሑፉ የጎደለው እዚያ ላይ ነው።

«ከዚያ»ን የሚደጋግሙትም ቦዝ አንቀጽን ያኔ ይወዱታል። «ከዚያ ተቀበለ፣ ከዚያ አለፈ፣ ከዚያ መታ» የነበረው «ተቀብሎ፣ ተከላካዩን አልፎ መታ» ሲሆን ሩጫው ራሱ ይሰማል።

ወገንተኝነትን በስብከት አታክሙት። 6ኛ «ሀ» 6ኛ «ለ»ን ያሸነፈ ዕለት የ«ሀ»ን ዘገባ ለ«ለ» ክፍል እናነብ ነበር። «ዳኛው አድልቷል» የሚለው በጩኸት ወደቀ፤ «ኳሷ እጁን ስትነካ ዳኛው ጀርባውን ሰጥቶ ነበር» የሚለውን ግን ተሸናፊዎቹም አጉረምርመው ተቀበሉት።

አሁን ስለ ቀይ እስክሪብቶ። በወጣትነቴ አንድ ዝምተኛ ልጅ ስለ ሰፈሩ ግጥሚያ ሙሉ ገጽ ጽፎ ሰጠኝ፤ በሕይወቱ የጻፈው ረጅሙ ነገር ሳይሆን አይቀርም። በ«ሀ»ና በ«ሐ»፣ በ«ሰ»ና በ«ሠ» እያልኩ ገጹን አቀላሁት። ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አየውና በቀስታ ጠየቀኝ፦

«ጋሼ፣ ጎሉንስ አዩት?»

አላየሁትም ነበር። ደብተሩን መልሼ ወስጄ አነበብኩት። ከታች ወደ ላይ ሰባተኛው መስመር ላይ፣ በቀለሜ ሥር ተቀብሮ ነበር፦ ከማዕዘን የተሻማች ኳስ፣ የአንድ ተከላካይ ጀርባ፣ ከዚያም በሁለት ድንጋዮች መካከል ቀስ ብላ ስትንከባለል።