ስለታገደው አድሴንስሽና ስለ 340 ዶላሩ

ሰላም እህቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ በስልክ መመለስ ጀመርኩና ረዘመብኝ፤ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ያልሽውን ባጭሩ ልድገመው፦ ስለ ሕፃናት ምግብ የምትጽፊበት ዌብሳይት አለሽ፣ ሁለት ዓመት ለፍተሽበታል። ከ12 ቀን በፊት አድሴንስ (ጉግል በዌብሳይትሽ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ የሚከፍልሽ አገልግሎት) «ኢንቫሊድ ትራፊክ»፣ ማለትም ትክክለኛ ያልሆነ ጉብኝትና ንክኪ፣ ብሎ አካውንትሽን አገደው። ውስጡ ገና ያልተከፈለሽ 340 ዶላር አለ። ገንዘቡ ቀለጠ ወይ፣ በባለቤቴ ስም ሌላ ልክፈት ወይ ብለሻል።

ሁለተኛውን ላስቀድም፤ መልስ ሳታገኚ እንዳትከፍቺው ሰግቼ ነው። በባለቤትሽ ስም አትክፈቺ። ዌብሳይቱ ያው ነው፣ ኮምፒውተሩ ያው ነው፣ ቤቱና ኢንተርኔቱ ያው ነው። የእግዱ ጊዜ ሳያልቅ በሌላ ስም ብቅ ስትይ ከእግዱ ለማምለጥ እንደሞከርሽ ይቆጠራል። ያን ጊዜ በቀን ተወስኖ የነበረው እግድ ለዘለቄታው መዘጋት ሊሆን ይችላል፤ የባለቤትሽም ስም አብሮ ይበላሻል። ነገ እሱ የራሱን ሥራ ቢጀምር በምን ይከፍታል?

አሁን ወደ ዋናው። መልእክቱን እንደገና ክፈቺና እንግሊዝኛውን ቃል በቃል እይው። «ሰስፔንድድ» ነው የሚለው ወይስ «ዲሴብልድ»? እኛ ሁለቱንም «ተዘጋብኝ» እንላለን፣ ነገር ግን በጣም ይለያያሉ። ሰስፔንድድ ከሆነ እግዱ ጊዜ የተወሰነለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን። በዚህ ጊዜ ማስታወቂያ አይወጣም፣ ክፍያው ተይዞ ይመረመራል፣ ይግባኝ የሚባል ነገርም የለውም። ቀኑ ሲሞላ አካውንቱ በራሱ ይመለሳል። ዲሴብልድ ከሆነ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ይግባኝ የሚቀርበውም ያን ጊዜ ነው። አንቺ «30 ቀን ይላል» ስላልሽ የመጀመሪያው ይመስለኛል። እንደዚያ ከሆነ 18 ቀን ቀርቶሻል፤ በእነዚህ 18 ቀኖች የምትሠሪው ደግሞ አካውንቱ ከተመለሰ በኋላ መቆየት አለመቆየቱን ይወስነዋል። ምክንያቱን ሳታስተካክዪ ከተመለስሽ ሁለተኛው ጊዜ እንደ መጀመሪያው አይታለፍም።

የኔን ልንገርሽ። በ2015 ዓ.ም. ነው። እኔ የነበርኩት ከሌላ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የሒሳብና የፊዚክስ ጥያቄዎችን ከነአሠራራቸው የምጭንበት ዌብሳይት ነበረኝ፣ አሁንም አለ። ያን ዓመት ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ አገር ውስጥ ተገድበው እንደነበር ታስታውሻለሽ። ተማሪዎቼ የሚመጡት ከቴሌግራም ነው፤ ቴሌግራምን የሚከፍቱት በቪፒኤን (በሌላ አገር በኩል በሚያገናኝ መተግበሪያ) ነው፤ ቪፒኤኑን ሳያጠፉ ሊንኩን ነክተው ወደኔ ይገባሉ። ሐዋሳና ደብረ ብርሃን ያለው ልጅ ሪፖርቴ ላይ ከኔዘርላንድስና ከጀርመን የገባ ሆኖ ታየ። የማስታወቂያ ዋጋ እንደ አገሩ ስለሚለያይ ገቢዬ በአንድ ወር ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ደስ አለኝ። ለምን እንደጨመረ አልጠየቅኩም።

ጥፋቱን የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ገቢው ሲጨምር ሳይ የበለጠ ፈለግኩና ቴሌግራም ላይ «እውነተኛ ጎብኚ» ከሚሸጥ ሰው በ600 ብር 5,000 ጎብኚ ገዛሁ። በሁለት ሌሊት ገቡ። ሰው አልነበሩም፤ ገጹን ከፍተው ሦስት ሰከንድ ሳይቆዩ የሚወጡ ናቸው። በዚያ ላይ «አውርድ» ከሚለው ቁልፍ ጎን ማስታወቂያ አስቀምጬ ነበር፤ ልጆቹ ፒዲኤፉን ያወርዱ መስሏቸው ማስታወቂያውን ይነካሉ። በሳምንቱ አካውንቴ ተዘጋ፣ 212 ዶላር ውስጡ ቀረ።

ያኔ ወዲያው ይግባኝ ጻፍኩ። ሁለት ልጆች እንዳሉኝ፣ የቤት ኪራይ እንዳለብኝ፣ ምንም እንዳላጠፋሁ ለመንኩ። በሦስተኛው ቀን «ውሳኔው ጸንቷል» የሚል ሁለት መስመር መጣ። አሁን ሳስበው መልሱ ትክክል ነበር፤ ስለ ልጆቼ የጠየቀኝ ሰው አልነበረምና። የሚፈልጉት ጎብኚዎቹ ከየት እንደመጡ፣ የትኛው ቀን ምን እንደተበላሸ፣ እኔ ምን እንዳስተካከልኩ ነበር። ከአንድ ወር ተኩል በኋላ እንደገና ጻፍኩ። ጎብኚ መግዛቴን አመንኩ፤ ቀኖቹን፣ የአይፒ አድራሻዎቹን (ጎብኚው የገባበትን የኢንተርኔት ቁጥር)፣ ለሻጩ የከፈልኩበትን ደረሰኝ አያያዝኩ። ማስታወቂያውን ከቁልፉ ጎን ማንሳቴን በፎቶ አሳየሁ። አካውንቱ አልተመለሰልኝም። ከ212ቱ ግን 131 ዶላሩ ንጹሕ ነው ተብሎ ተከፈለኝ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንደ ሁለተኛው ጽፌው ቢሆን ኖሮ አካውንቱም ሊተርፍ ይችል ነበር ብዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ፤ ይህን የምለው ልወቅስሽ አይደለም። ጥያቄሽ ውስጥ በመሀል ያለፍሽው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ ለቻናልሽ እናቶች «ማስታወቂያዎቹን እየነካችሁ አበረታቱኝ» ብለሽ ለጥፈሽ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። እኛ አገር መረዳዳት ነውርነት የለውም፤ ለዕቁብም ለእድርም፣ ለሰርግም ለለቅሶም እንረዳዳለን፤ ስለዚህ «እስኪ ንኩልኝ» ማለት ጥፋት አይመስልም። ግን ለእያንዳንዱ ንክኪ የሚከፍለው አንድ ነጋዴ አለ። ምናልባት የሕፃን ልብስ የሚሸጥ ነው። እናቲቱ ልብሱን ልትገዛ ሳይሆን አንቺን ልትደግፍ ስትነካው የምትወስደው ከሱ ኪስ ነው። ደንቡም ጎብኚ ማስታወቂያ እንዲነካ መለመንን በግልጽ ይከለክላል። ያንን ጽሑፍ ዛሬውኑ አጥፊው፣ ከማጥፋትሽ በፊት ግን ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሹት አንሺው። ባለቤትሽና እህቶችሽም በስልካቸው ገጽሽን ሲከፍቱ እንዳይነኩ ንገሪያቸው። የሚወዱሽ ሰዎች ናቸው ብዙ ጊዜ የሚነኩት።

ከዚያ ወደ ሎጉ ግቢ፤ ሎግ ማለት ማን መቼ ገጽሽን እንደከፈተ ሰርቨሩ የሚመዘግብበት ፋይል ነው። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ግን ሌላ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። የሆስቲንግሽን (ዌብሳይትሽን የሚያስቀምጥልሽን ድርጅት) ፓነል ከፍተሽ የሰርቨሩን ሎግ ዛሬ አውርጂ፤ አንዳንድ ሆስቲንግ ወር ሳይሞላ ይሰርዘዋል። ከአናሊቲክስ (ከጎብኚ መቁጠሪያው) የሦስት ወር ሪፖርት አውጪ፣ ጎብኚዎቹን በምንጭ፣ በአገርና በሰዓት ለያቸው። የአድሴንሱን የገቢ ሪፖርትም ገጹ እስከተከፈተልሽ ድረስ በቀን በቀን አውርደሽ አስቀምጪ። ከዚያ የጎብኚውንና የገቢውን ሪፖርት ጎን ለጎን አድርጊ፤ ጎብኚው ሳይጨምር ንክኪው የዘለለበት ቀን የትኛው ነው? ቻናል ላይ ከለጠፍሽበት ቀን ጋር ከገጠመ ምክንያቱን አገኘሽው። አንድ ነገር ግን አስተውዪ፦ የሞባይል ኔትወርክ ብዙ ሰው በአንድ አይፒ አድራሻ ሊያወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ከአንድ አድራሻ 40 ጎብኚ ስላየሽ ብቻ ቦት (ሰው ሳይሆን ፕሮግራም) ነው ብለሽ አትደምድሚ። የቆዩበትን ደቂቃና ስንት ገጽ እንዳነበቡ እይ። የሕፃን ገንፎ አሠራር ልታነብ የመጣች እናት በሦስት ሰከንድ አትወጣም።

ስለ ገንዘቡ። 340 ዶላሩን አንድ ላይ አትመልከቺው። የያዝነው ወር ገቢ ግምት ነው፤ ትክክለኛ ያልሆነው ንክኪ ተቀንሶ የሚረጋገጠው ወሩ ካለቀ በኋላ ነው። ያለፉት ወራት ገቢ ደግሞ 100 ዶላር ሲሞላ በተከታዩ ወር ከ21 እስከ 26 ባለው ጊዜ ይላካል። የክፍያ ገጹን ከፍተሽ ክፍያሽ የተያዘው በምን ምክንያት እንደሆነ አንብቢ። ሁሉም መያዝ ከእግድ አይመጣም። ሁለት ዓመት ሠርተሽ አንድም ጊዜ አልተከፈለኝም ማለትሽ አጠራጥሮኛል፤ ምናልባት አድራሻሽ ገና አልተረጋገጠም። ገቢሽ 10 ዶላር ሲደርስ ፒን ያለው ደብዳቤ በፖስታ ይላካል፤ በአራት ወር ውስጥ ካላስገባሽው ማስታወቂያው ይቆማል። እኛ ጋ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም። የቤት ቁጥርና ወረዳ ብቻ ጽፈሽ ከሆነ ደብዳቤው የሆነ ቦታ ቀርቷል ማለት ነው፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር መጻፍ አለብሽ። የራስሽ ከሌለሽ የመሥሪያ ቤትሽን አስፈቅደሽ ተጠቀሚ። ደጋግመሽ ጠይቀሽ ካልመጣ በመታወቂያ የማረጋገጥ መንገድ አለ። ስምሽንም እይው፦ አካውንቱ ላይ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ባንክ ደብተርሽ ላይ ካለው ጋር በፊደል መግጠም አለበት። የአያት ስም አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ ከሌለ፣ ወይም አንዱ ጋ በአንድ «ኤስ» ሌላው ጋ በሁለት ከተጻፈ፣ ከውጭ የመጣው ገንዘብ ባንክ ደርሶ ሊመለስ ይችላል።

እግዱ ወደ መዘጋት ከተቀየረስ? ያን ጊዜም ሁሉ ነገር አበቃ ማለት አይደለም። ከተዘጋ ከ30 ቀን በኋላ ገብተሽ የመጨረሻ ሒሳብ ተርፎሽ እንደሆነ ታያለሽ፤ ከጥፋቱ የመጣው ተቀንሶ፣ ሲቻልም ለአስተዋዋቂዎቹ ተመልሶ፣ የቀረው ካለ ይከፈላል። የሚከራከሩበት መብት ነው ወይ ብለሽ ከጠየቅሽኝ፣ አሜሪካ ውስጥ ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ፍሪ ሬንጅ ኮንተንት የሚባል ኩባንያ አካውንታቸው ተዘግቶ ገቢያቸው የቀረባቸውን ወክሎ ጉግልን ካሊፎርኒያ ከሰሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለቱ ወገኖች በ11 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። ስምምነቱ የአሜሪካኖቹ ነው፣ ለኔና ላንቺ አይደርስም። ሆኖም አንድ ነገር አሳይቶኛል፤ ጥፋቱ የአንድ ሳምንት ከሆነ ከዚያ በፊት የነበሩት ወራት ንጹሕ ገቢ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። እኔም 131 ዶላሬን ያገኘሁት ቀኖቹን ለይቼ ስላቀረብኩ ይመስለኛል።

«አካውንት አስመልሳለሁ» የሚሉ ሰዎች በውስጥ መስመር ይጽፉልሻል፤ ጥያቄሽን ከለጠፍሽ ወዲህ ጽፈውልሽም ይሆናል። ብር አትላኪላቸው፣ የይለፍ ቃልሽን ከሰጠሻቸው ደግሞ ጂሜልሽም አብሮ ይሄዳል። የተገዛ አካውንት የሚሸጡልሽንም እንደዚያው እለፊያቸው፤ የሌላ ሰው ስም ላይ የተከፈተ አካውንት ገቢ ባንክ ላይ ባንቺ ስም አይወጣም።

እስከዚያ ዌብሳይቱ ባዶ አይቀመጥ። እኔ ከተዘጋብኝ በኋላ አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ሄጄ የአንድ ወር ማስታወቂያ በ3,000 ብር ሸጥኩለት፤ በቴሌብር ከፈለኝ፣ ደስ ብሎት ሦስት ወር ቀጠለ። አንቺ የሕፃን ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችን ማናገር ትችያለሽ፤ የጎብኚዎችሽን ቁጥር አሳያቸው፣ ሳትጨምሪበት። በቋሚነት ከሠራሽበት የግብር ከፋይ ቁጥርና ደረሰኝ ይጠየቃል፣ ያንን ቀድመሽ አስቢበት።

አሁን እባክሽ የደረሰሽን መልእክት ስምሽንና የአሳታሚ ቁጥርሽን (አድሴንስ አካውንትሽን የሚለይበትን ቁጥር) ሸፍነሽ እዚሁ ለጥፊው፤ የክፍያ ገጹ ላይ ያለውንም ማስጠንቀቂያ ጨምሪበት። ሎጉን አውርደሽ ማንበቡ ካስቸገረሽ ንገሪኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ፣ አብረን ቀን በቀን እናየዋለን።