ከሚመጡት ፊልሞች የትኞቹን ነው የምጠብቀው (ረዘም ያለ መልስ ነው)

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ ከሚመጡት ፊልሞች በጣም የምትጠብቁት የቱን ነው፣ ትሬይለር አይቼ ልቤ ተንጠልጥሎ ከርሞ ፊልሙ ሲወጣ እበሳጫለሁ እናንተ እንዴት ነው የምትመርጡት፣ የድሮዎቹንስ ከልሶ ማየት የግድ ነው ወይ ብለሽ ነበር። ከኔ በፊት የመለሱት ሁሉም ስም ብቻ ደርድረው ነው ያለፉት ስለዚህ እኔ ትንሽ ላስረዝመው፣ የሰለቸው ይለፈው። የፊልም መውጫ ቀን መከታተል ለኔ ከፊልሙ ያላነሰ ሱስ ነው፣ ስልኬ ላይ የትኛው መቼ ይወጣል የትኛው ተገፋ የትኛው ቀረ እያልኩ መጻፍ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ እና ለመምረጥ ስፈልግ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ቀረጻው አልቋል ወይ? ካላለቀ በደስታ አነበዋለሁ እንጂ አልጠብቀውም።

ለምን መሰለሽ፣ ስቱዲዮዎች መድረክ ላይ ወጥተው ስምና ቀን መደርደር በጣም ይወዳሉ። ማርቭል (የሱፐር ሂሮ ፊልሞች ስቱዲዮው) በ2019 ኮሚክ ኮን በሚባለው የአድናቂዎች ዝግጅት ላይ ብሌድ የሚባለውን ፊልም ከአክተሩ ማኸርሻላ አሊ ጋር እንሰራዋለን ሲል ሰው በደስታ ሊያብድ ነበር፣ ከዛ ዳይሬክተር ሄደ ሌላ መጣ እሱም ሄደ፣ ስክሪፕቱ እንደገና ተጻፈ፣ ቀኑ ተገፋ ደግሞ ተገፋ፣ በ2024 ጭራሽ ከካላንደሩ አወጡት። ስታር ዋርስም በ2020 መጨረሻ ላይ ሮግ ስኳድሮን የሚባል አውጀው ለዲሴምበር 2023 ቀን ይዘውለት ነበር፣ 2023 መጥቶ ሄደ ፊልሙ የለም። በ2022 ካንግ ዳይናስቲ ተብሎ የታወጀውም አቬንጀርስ ስሙም ቪለኑም (ክፉው ገጸ ባህሪ) ዳይሬክተሩም ተቀይሮ ዛሬ ዱምስዴይ ሆኗል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ፣ እዚህ ግሩፕ ላይ ግን በየሳምንቱ ገና ስክሪፕት ያልተጻፈለት ፊልም ፖስተር እየተለጠፈ (ፖስተሩም ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ፋን የሰራው ወይ ኤአይ የሰራው ነው) ሰው ይጣላበታል።

እሺ ወደ ጥያቄሽ፣ የኔ አንደኛ ያለምንም ማመንታት የክሪስቶፈር ኖላን ዘ ኦዲሲ ነው፣ ቀኑ ጁላይ 17 2026። የሆሜር ታሪክ ነው፣ የትሮይ ጦርነት ካለቀ በኋላ ኦዲሲየስ ሀገሩ ለመግባት አስር ዓመት የሚንከራተትበት፣ ማት ዴመን ነው ኦዲሲየስን የሚሰራው ከዛ ቶም ሆላንድ አን ሃታዌይ ዜንዳያ ሮበርት ፓቲንሰን ሉፒታ ኒዮንጎ ቻርሊዝ ቴሮን እያልሽ ትቀጥያለሽ። ግን እኔን የያዘኝ ካስቱ አይደለም። ይሄ ፊልም ሙሉ በሙሉ በአይማክስ የፊልም ካሜራ (ለግዙፍ ስክሪን ተብሎ በትልቅ የፊልም ጥቅል ላይ የሚቀርጸው) የተቀረጸ የመጀመሪያው ትልቅ ፊልም ነው። ኖላን ከዳርክ ናይት ጀምሮ ማለትም ከ2008 ጀምሮ አይማክስን ይጠቀማል ግን ሁሌም በከፊል ነበር፣ ምክንያቱም ካሜራው ከባድ ነው፣ የፊልም ጥቅሉ ቶሎ ያልቅበታል፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ይጮሃል! አክተሮች ቀስ ብለው የሚያወሩበት ሲን ላይ ሞተሩ ድምጹን ይውጠዋል፣ ለዛ ነው ኦፐንሃይመር ላይ እንኳን ሁሉም ሲን በሱ ያልተቀረጸው። ለኦዲሲ ድምጹ የቀነሰ አዲስ ካሜራ ተሰራለት ከዛ በኋላ ነው ሁሉንም በሱ ማድረግ የተቻለው። ኖላን ራሱ እንደተናገረው ከ2 ሚሊዮን ጫማ በላይ ፊልም ነው የቀረጹት፣ ወደ ኪሎ ሜትር ስትመልሺው 600 አካባቢ ነው፣ ይሄን ሁሉ ታጥቦ ታይቶ ተቆርጦ አንድ ፊልም ማውጣት ምን ያህል ስራ እንደሆነ አስቢው።

ቀረጻው በፌብሩዋሪ 2025 ተጀምሮ በኦገስት አልቋል። ስለዚህ ለኤዲቲንግና ለድምጽ ከአስር ወር በላይ አለው ማለት ነው፣ ለኔ ይሄ ከየትኛውም ትሬይለር የበለጠ የሚያጽናና ነገር ነው። ሌላው ደሞ የ70 ሚሊ ሜትር አይማክስ (በዲጂታል ሳይሆን በራሱ በፊልም ጥቅሉ የሚታየው) ትኬት ፊልሙ ሊወጣ ልክ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ጁላይ 17 2025፣ መሸጥ ጀመረና በሰዓታት ውስጥ ብዙ ቦታ አለቀ፣ የአንድ ዓመት ትኬት! እብደት ነው ብዬ ስቄ ነበር ግን እነሱ ቦታ ብኖር እኔም እገዛ ነበር መሰለኝ። በዛ ፎርማት ማሳየት የሚችል ሲኒማ በዓለም ላይ ጥቂት ነው፣ ኦፐንሃይመር ሲወጣ 30 ቦታ ብቻ ነበር በ70 ሚሊ ሜትር አይማክስ የታየው፣ የፊልም ጥቅሉ ሲዘረጋ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ክብደቱ ከ250 ኪሎ በላይ ነበር። ለሌሎቻችን በዲጂታል ይደርሰናል፣ ምንም አይደለም፣ ብቻ እባካችሁ በስልክ እንዳታዩት።

ሁለተኛው ላይ ነው ጭቅጭቁ። ዲሴምበር 18 2026 ዱን ፓርት ስሪ እና አቬንጀርስ ዱምስዴይ አንድ ቀን ነው የተያዘላቸው። በ2023 ባርቢና ኦፐንሃይመር አንድ ቀን ወጥተው ሁለቱም ስለተሳካላቸው አሁንም እንደዛ ይሆናል የሚል ሰው ብዙ ነው፣ እኔ ግን አይመስለኝም። ያኔ አንዱ ሮዝ ኮሜዲ አንዱ የሶስት ሰዓት ታሪክ ስለነበር ተመልካቹ ይለያያል፣ ልዩነቱ ራሱ ነበር ቀልዱ። እነዚህ ሁለቱ ግን የሚፈልጉት ያንኑ ሰው ነው፣ ያንኑ ትልቅ ስክሪን ነው። ትልቁን ስክሪን በተመለከተ ደሞ የአይማክስ አዳራሾቹን ዱን ቀድሞ ይዟቸዋል።

እኔ ዱን ነኝ። ምክንያቴን ልንገርሽ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞች የፍራንክ ኸርበርትን ዱን የሚባል አንድ መጽሐፍ ለሁለት ከፍለው ነው የሰሩት፣ ይሄኛው ግን በ1969 የወጣው ተከታዩ መጽሐፍ ዱን ሜሳያ ላይ ነው የተመሰረተው። መጽሐፉ አጭር ነው፣ እንደ መጀመሪያው ጦርነት የበዛበት አይደለም፣ ሴራ ነው፣ ዙፋን ላይ የወጣ ሰው ያቀጣጠለው እሳት ከእጁ ሲያመልጥ የሚያሳይ ነው። ፍራንክ ኸርበርት ጀግናችን ብለን ያጨበጨብንለትን ልጅ መልሶ ፊታችን ላይ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፣ ብዙ አንባቢም ያኔ ተቀይሞት ነበር። ዳይሬክተሩ ዴኒ ቪልኔቭ ይሄን ሳይለሳልስ ከሰራው ከሶስቱ የሚበልጠው ይሄ ይሆናል ብዬ አስባለሁ፣ ፈርቶ ወደ አክሽን ካዞረው ደሞ ያሳዝነኛል። አንድ ስጋት ብቻ አለኝ፣ ካሜራማኑ ተቀይሯል፣ ለመጀመሪያው ኦስካር የወሰደው ግሬግ ፍሬዘር የለም፣ በሱ ቦታ ሊኑስ ሳንድግረን ነው ያለው። እሱም ላ ላ ላንድን ቀርጾ ኦስካር የበላ ሰው ነው ስለዚህ ብዙም አልጮህም፣ ግን የዛ በረሃ ብርሃን እንዴት እንደሚሆን ለማየት ጓጉቻለሁ።

ዱምስዴይን በተመለከተ ኧረ እንዳትሰድቡኝ፣ አየዋለሁ፣ መጀመሪያው ቀን ባይሆንም አየዋለሁ። ዳይሬክተሮቹ ሩሶ ወንድማማቾች መመለሳቸው ጥሩ ነው፣ ያለፈውን አቬንጀርስ ኤንድጌምን ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያደረሱት እነሱ ናቸው። ግን የድሮውን አይረን ማን ሮበርት ዳውኒ ጁኒየርን አምጥቶ ክፉው ዶክተር ዱም ማድረግ፣ ከዛ በማርች 2025 የወንበር ጀርባ ላይ የአክተሮቹን ስም እያሳዩ ከአምስት ሰዓት በላይ ላይቭ ማስተላለፍ፣ ከዛ የድሮዎቹን የኤክስ ሜን አክተሮች ሳይቀር መጥራት፣ ይሄ ሁሉ ትዝታን መሸጥ ነው የሚመስለኝ። ታሪኩ ምንድነው ብለሽ ብትጠይቂ ግን ስለ ካስቱ የሚተነትንልሽ ሰው ነው የሚበዛው። ቀኑም ከሜይ 1 ወደ ዲሴምበር የተገፋ ነው።

መገፋት ሲባል ግን፣ መገፋት ሁሌ መጥፎ ምልክት አይደለም፣ ለምን እንደተገፋ ነው መታየት ያለበት። ዱን ፓርት ቱ ከኖቬምበር 2023 ወደ ማርች 2024 የተገፋው የአክተሮች አድማ ስለነበርና አክተሮቹ ፊልሙን ማስተዋወቅ ስላልቻሉ ነው እንጂ ፊልሙ አልቆ ነበር። ቶፕ ገን ማቨሪክም ቀረጻው በ2019 አልቆ እስከ ሜይ 2022 የቆየው በዋናነት በኮቪድ ነው፣ ሲወጣ ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አመጣ። ስክሪፕቱ እንደገና እየተጻፈ ነው ወይ ዳይሬክተሩ ወጥቷል ሲባል ግን ያኔ ጆሮሽን ቀጥ አድርጊ።

ሌሎቹን ፈጠን ፈጠን ላድርግ። ስፒልበርግ በጁን 12 2026 ዲስክሎዠር ዴይ የሚባል አለው፣ ከሌላ ዓለም ስለመጡ ፍጥረታት ነው፣ ኤሚሊ ብላንትና ጆሽ ኦኮነር አሉበት ሙዚቃው የጆን ዊሊያምስ ነው፣ ሰውየው በ1932 የተወለደ ነው እኮ! ስፒልበርግ በ1977 እና በ1982 በዚሁ ጉዳይ የሰራቸውን ሁለት ፊልሞች የሚያውቅ ሰው ለምን እንደምጓጓ ይገባዋል። ኦክቶበር 2 2026 ደግሞ የዳይሬክተር ኢንያሪቱ ዲገር አለ፣ ቶም ክሩዝ ከአውሮፕላን ላይ መንጠልጠሉን ትቶ ኮሜዲ ውስጥ፣ እሱን ማየት ብቻውን ይበቃኛል። ስፓይደር ማን ብራንድ ኒው ዴይ ጁላይ 31 ነው፣ ማለትም ቶም ሆላንድና ዜንዳያ ከኦዲሲ ሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ዜንዳያን ደሞ ዱን ላይም ታገኛታለሽ፣ ፓቲንሰንንም እንደዛው፣ ሌላ አክተር የጠፋ ነው የሚመስለው።

ልቤን የሚያቆስለኝ ግን ስፓይደር ቨርስ (የስፓይደር ማን ካርቱኑ) ነው። ሁለተኛው በጁን 2023 ልብ አንጠልጥሎ ጥሎን ሄደ፣ ሶስተኛው ማርች 2024 ነው ተብሎ ነበር፣ አሁን ጁን 2027 ላይ ነው ያለው። ባትማን ሁለትም መጀመሪያ ኦክቶበር 2025፣ ከዛ 2026፣ ከዛ ኦክቶበር 2027 ሆኗል፣ ዳይሬክተሩ ማት ሪቭስ ስክሪፕቱን የጨረሰው ራሱ በ2025 ነው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ ግን ዝርዝሬ ላይ አላስገባኋቸውም።

ቀረጻው አልቆም የሚቀር ፊልም አለ ብላችሁ ልትይዙኝ ትችላላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ባትገርል 90 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ወጥቶበት ተቀርጾ በኦገስት 2022 ስቱዲዮው አይወጣም ብሎ ደፍኖታል፣ ለታክስ ይጠቅመናል ብለው። ኮዮቲ ቨርስስ አክሚንም በ2023 እንደዛው ሊያደርጉት ነበር፣ እሱ ግን ሰዎቹ ጮሁለት፣ ሌላ ኩባንያ በ2025 ገዛውና ለኦገስት 28 2026 ቀን ተያዘለት። ከስፓይደር ቨርስ ሌላ ካርቱን ብዙም የማልወድ ሰው ነኝ ግን ይሄን ለእልህ ብዬ አየዋለሁ።

አሁን ትሬይለር። ትሬይለርን ብዙ ጊዜ ዳይሬክተሩ አይደለም የሚቆርጠው፣ ለዚሁ ስራ ብቻ የተቋቋሙ ድርጅቶች አሉ፣ ስራቸው ሰው እንዲገባ ማድረግ ነው እንጂ ፊልሙን በትክክል ማሳየት አይደለም። የ2018ቱ አቬንጀርስ ኢንፊኒቲ ዋር ትሬይለር ላይ ሀልክ ከሌሎቹ ጋር ዋካንዳ ውስጥ ሲሮጥ ይታያል፣ ፊልሙ ውስጥ እንደዛ የሚባል ነገር የለም፣ ሆን ብለው ነው ያስገቡት። ሮግ ዋን የሚባለው ስታር ዋርስም በ2016 ትሬይለሩ ላይ ያየናቸው ብዙ ሲኖች ፊልሙ ላይ አልነበሩም፣ እሱ በድጋሚ ቀረጻ ምክንያት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ትሬይለር ብቻ ነው የማየው፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ስሜቱን ብቻ ነው የሚሰጥሽ፣ ሁለተኛውና ሶስተኛው ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይዘረግፈዋል። ለማላውቀው ዳይሬክተር ፊልም ደሞ የምጠብቀው ሪቪው የሚለቀቅበትን ቀን ነው፣ ስቱዲዮው ፊልሙ ሊወጣ አንድ ቀን እስኪቀረው ድረስ ሪቪውን ካገደ ብዙ ጊዜ የሚደብቀው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ነው ያልኩት፣ አንዳንዴ ስፖይለር (ታሪኩ ቀድሞ እንዳይወጣ) ፈርተውም ያደርጉታል።

ከልሶ ማየቱን በተመለከተ፣ ለዱን ሁለቱንም የግድ እይ፣ በተለይ የሁለተኛውን የመጨረሻ ግማሽ ሰዓት፣ ቻኒ (ዜንዳያ የምትሰራት) ምን አይነት ፊት ይዛ እንደሄደች ሳታስታውሺ ሶስተኛውን ብትገቢ ግማሹ ይጠፋብሻል። ለዱምስዴይ ሰላሳ ምናምን የማርቭል ፊልም ከልሺ የሚልሽን አትስሚው፣ ኢንፊኒቲ ዋርና ኤንድጌም በቂ ናቸው፣ ጊዜ ካለሽ ፋንታስቲክ ፎርን ጨምሪበት፣ ምክንያቱም ዱም ከነሱ ታሪክ ነው የሚመጣው። ለኦዲሲ የምታዪው ፊልም የለም፣ ታሪኩን ግን ከማየት በፊት ማንበብ ስፖይለር ነው ለሚሉት፣ ወደ ሶስት ሺህ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ነው ምኑ ነው ስፖይለሩ፣ አንብቢው።