ሞዴልሽ ሁለት ሽታ ካልለየ ሴል አትጨምሪ

እህቴ፣ የፍራፍሬ ዝንብ ሽታን እንዴት እንደምትማር የሚያሳይ የኮምፒውተር ሞዴል ሠርተሽ ተቀራራቢ ሽታዎችን አልለይ ብሎሻል። «የነርቭ ሴሎቹን ቁጥር ልጨምር ወይ?» ነው ጥያቄሽ። አትጨምሪ። እኔም እዚያው ላይ ወራት ፈጅቻለሁ።

ዝንቧን እይ። በአንቴናዋ የያዘችው ሽታ መጀመሪያ ግሎሜሩሊ ወደሚባሉ 50 ገደማ የነርቭ ቋጠሮዎች ይገባል። ከዚያ የእንጉዳይ ቅርጽ ወዳለው የአንጎሏ ክፍል ያልፍና፣ በግራም በቀኝም ኬንየን ሴሎች ለሚባሉ ወደ 2,000 ለሚጠጉ የነርቭ ሴሎች ይበተናል። አንዱ ሴል መረጃ የሚቀበለው በአማካይ ከ6 ወይም ከ7 መስመር ብቻ ነው፤ ያውም በአብዛኛው በዘፈቀደ ከተገናኙ። ለአንድ ሽታ ከ100 ሴሎች የሚነቁት ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው።

እኔ ጋ ግን ለሙዝም ለኮምጣጤም ከግማሽ በላይ ይነቁ ነበር። ግራፉን ስከፍት ስክሪኑ በነጥብ ጠቁሮ ነው የማገኘው። ክፍል ውስጥ ሁሉም ተማሪ ሲንጫጫ ማን ምን እንዳለ አይሰማም አይደል? ልክ እንደዚያ። ለካ ኤፒኤል የሚባለውን ሴል ትቼው ኖሯል። በእያንዳንዱ በኩል አንድ ብቻ ነው። ግን ሁሉንም ኬንየን ሴሎች ያዳምጣል፣ መልሶም ሁሉንም ያበርዳል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ይህን ዑደት ሲያቋርጠው ዝንቦቹ ተቀራራቢ ሽታዎችን መለየት አቃታቸው። የሚራራቁትን ግን ይለዩ ነበር። ያንቺ ሞዴል ያለበት ችግር ቁርጥ ይኸው ነው!

የመማሪያ ሕጉንም ፈትሺው። ብዙዎቻችን መማር ማለት ግንኙነትን ማጠንከር ብቻ ይመስለናል። እዚህ ግን ሽታና ቅጣት ሲገጣጠሙ ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ይለቀቅና፣ ከኬንየን ሴሎች ወደ «ቅረቢ» ባይ ሴሎች የሚሄደው ግንኙነት ይዳከማል። ያኔ «ሽሺ» የሚለው ወገን ያመዝናል። በሕግሽ ውስጥ ያለውን የመደመር ምልክት ወደ መቀነስ ገልብጠሽ ሞክሪው።

ሞዴልሽ ላይ የዝንቧን በረራ ስትጨምሪ ደግሞ ሽታውን ወጥ አድርገሽ አትስጪ። ቡና ሲፈላ የዕጣኑን ጭስ አይተሻል፤ ይጠመዘዛል፣ ይበጠሳል፣ እንደገና ይመጣል። ነፍሳት የሚያገኙት ሽታም እንዲሁ ነው። ሲነካቸው ወደ ነፋሱ ይገሰግሳሉ፣ ሲጠፋባቸው ግራና ቀኝ ይቃኛሉ።

ለዛሬ ግን አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። ለእያንዳንዱ ሽታ ስንት በመቶ ኬንየን ሴሎች እንደሚነቁ ቁጠሪና ቁጥሩን እዚሁ ጻፊልኝ። ከ10 በላይ ከሆነ ኤፒኤልን አብረን እናስገባዋለን።