አንዴ ሲጫኑት ሦስቴ የሚቆጥር ቁልፍ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «በአርዱይኖ (በኮድ በሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ሠርቼ ለእናቴ ሰጠኋት። ሦስት ቁልፎች አሉት። አንዴ ስትጫነው ሙቀቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዘላል። ባለፈው ሳታውቀው 41 ዲግሪ አድርሳው እንቁላሉ ተበላሸ። አሁን ልትነካው ትፈራለች። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ እናትህ ምንም አላጠፉም። ጉድለቱ ቁልፎቹ ላይ ነው፤ ይስተካከላል።

መጀመሪያ መዝለሉን እንይ። ቁልፍ ሲጫኑት ውስጡ ያሉት ብረቶች ተነካክተው ወዲያው አይረጉም። ሲሚንቶ ላይ እንደወደቀ ሳንቲም ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይነጥራሉ። ለእጃችን አንድ ጊዜ ነው፤ አርዱይኖው ግን ፈጣን ስለሆነ እያንዳንዱን ንክኪ ይቆጥራል። ስለዚህ ኮዱ ወዲያው አይቁጠር። ቁልፉ ለ30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሳይለወጥ ከቆየ ብቻ ይቁጠር፤ ሲለቀቅም እንደዚያው። ጊዜውን ኮዱን ቆሞ በሚያስጠብቀው ዲሌይ (delay) ሳይሆን ያለፈውን ጊዜ ብቻ በሚነግረው ሚሊስ (millis) ለካው። ዲሌይ ሙቀት መቆጣጠሩንም አብሮ ያስቆመዋል።

ማንም ሳይነካው ቁጥሩ ከተለወጠ ደግሞ ሽቦውን ጠርጥር። ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ሪሌይ ጠቅ ባለ ቁጥር ረጅም ሽቦ የኤሌክትሪክ ረብሻ ይስባል። ቺፑ ውስጥ ያለው ፑልአፕ (ቁልፉ ሳይጫን ፒኑን 5 ቮልት ላይ የሚይዘው ሬዚስተር) ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ስለሆነ ደካማ ነው። ከ5 ቮልት ቁልፉ ወደተያያዘበት ፒን 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከፒኑ ወደ ግራውንድ 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር በይድበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰው መሳሳቱ አይቀርም፤ ስህተቱ ግን እንቁላል መግደል የለበትም። ፋን ላለው ማሽን የዶሮ እንቁላል የሚፈልገው 37.5 ዲግሪ ነው። ታዲያ ኮዱ 41ን ለምን ይቀበላል? ከ36.5 በታች፣ ከ38.5 በላይ አልሄድም ይበል። «ጨምር» እና «ቀንስ» እንዲሁ ቢነኩ ምንም አይለውጡ። መሃለኛውን ቁልፍ ለ2 ሰከንድ ሲይዙት ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ይበል፤ ያኔ ብቻ በአንድ ጭነት 0.1 ይለወጥ። 10 ሰከንድ ካልነኩት ራሱ ይቆለፍ። ሲጫኑት ባዘሩ አጭር ድምፅ ይስጥ፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ ረዘም ያለ።

የተመረጠውን ሙቀት ኢኢፕሮም (መብራት ቢጠፋም የማይረሳ የአርዱይኖው ማስታወሻ) ላይ አስቀምጠው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከነበረበት ይቀጥላል። ግን ሲቆለፍ አንዴ ብቻ ጻፍ። አንዱ ቦታ የሚችለው 100,000 ያህል ጽሑፍ ነው።

እኔ በአንድ ቁልፍ ብዙ ሥራ ማሠራት አልወድም። አንዴ ሲጫኑት ይህ፣ ሁለቴ ሲጫኑት ያ የሚል መቆጣጠሪያ ለአንድ ደንበኛ ሠርቼ ነበር። ከወራት በኋላ ስሄድ ቁልፉ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ «አትንኩ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሰውየው ማሽኑን የሚያጠፉት ከሶኬት ነቅለው ነበር። ያ ፕላስተር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

6 ሚሊ ሜትሯን ትንሽ ቁልፍም ተዋት። 12 ሚሊ ሜትር፣ ክዳን ያለውን ግዛ። በመሃላቸው አንድ ጣት የሚያህል ቦታ ተው፤ «ጨምር»ን ከላይ፣ «ቀንስ»ን ከታች አድርግና በአማርኛ ጻፍባቸው።

ስትጨርስ ባዶውን ማሽን ለእናትህ ስጣቸውና «37.8 አድርጊው» ብቻ በላቸው። አታስረዳ። እጃቸው መጀመሪያ የት እንደሚሄድ እይ። ግራ የገባቸውን ቦታ አስተካክልና እንቁላሉን ከዚያ በኋላ አስገባ።